ክኒኑ በነጻ ነበር፣ ያስከፈለኝ መደበቁ ነው

ደሴና ኮምቦልቻ መካከል ሚኒባስ እነዳለሁ። መንገዱን የሚያውቅ ሐረጎን ያውቃል። ከኮምቦልቻ ስንነሳ ሙቀት ስለሆነ መስኮቱ ሁሉ ክፍት ነው። ሐረጎን እየወጣን ጉሙ ሲቀበለን ከኋላ አንዱ «ዝጋው እንጂ፣ በብርድ ልትፈጀን ነው?» ይላል። በአንድ አፍታ መስኮቱ ሁሉ ጥርቅም። ከዚያ እስከ ደሴ ያ ሁሉ ሰው አንድ አየር እየተቀባበለ ይገባል። ይሄን ሁሉ ዓመት ስነዳ፣ ቲቢ እስኪይዘኝ ድረስ፣ አንድም ቀን አስቤበት አላውቅም ነበር።

ማሳል የጀመርኩት 2016 ዓ.ም ኅዳር ላይ ነው። ደሴ በኅዳር የማያስል ማን አለ? ብርድ ነው አልኩ። እናቴ አብሽ በማር አደረገችልኝ፣ ዳማከሴ አሸተተችኝ። ሳሉ ግን አልሄደም። ፋርማሲ ገብቼ ሲሮፕ ገዛሁ። ሲያልቅ ሌላ ሲሮፕ። ቀጥሎ አንድ የግል ክሊኒክ ሄድኩ። ራጅ ሳያነሱኝ፣ አክታ ሳይጠይቁኝ «ብሮንካይት ነው» ብለው መርፌና ክኒን ሰጡኝ። ለሳምንት ተሻለኝ፣ ከዚያ ባሰብኝ። ሌላ ክሊኒክ ሄድኩ። እዚያ ደግሞ ራጅ አነሱኝና ሌላ አንቲባዮቲክ ጻፉልኝ። ስደምረው ከ4 ሺህ ብር በላይ አውጥቻለሁ።

በዚህ መሀል ሌሎች ነገሮችም ነበሩ። ሌሊት ላብ ያጠምቀኛል፣ ካናቴራዬ ተጨምቆ የተሰጣ ይመስላል። ምግብ አስጠላኝ። ቀበቶዬ ላይ ሁለት አዲስ ቀዳዳ በሚስማር በስቻለሁ። ሁሉንም በጫቱ አሳበብኩ። እውነቱን ልናገር፣ እሁድ እሁድ ከጓደኞቼ ጋር በርጫ እቀመጥ ነበር። በርና መስኮት ዘግተን፣ ጭሱ ውስጥ፣ ከሰዓት እስከ ማታ። ጫት የሚቅም ሰው ምግብ ካልበላ ማንም አይገርመው፣ እኔንም አልገረመኝ።

አሁን ወደሚቆጨኝ ልምጣ። ታኅሣሥ ውስጥ የሰፈራችን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ቤታችን መጥታ ነበር። እኔ ጓዳ ተኝቼ እሰማታለሁ። ባለቤቴን «ቤት ውስጥ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የሚያስል ሰው አለ?» ብላ ጠየቀቻት። ባለቤቴ ወደ ጓዳ አየች መሰለኝ፣ ዝም አለች። እኔም ሳሌን በጋቢ አፍኜ ያዝኩ። «የለም» አለች። ልጅቷ ስለ ልጆቹ ክትባት ጠይቃ ሄደች። እኔ ሥራዋ ነፍሰ ጡርና ሕፃን ብቻ ይመስለኝ ነበር። በራችን ድረስ በነጻ የመጣውን ምርመራ በጋቢ አፍኜ መለስኩት። ሁለት ሳምንት የሚለው ቁጥር ዝም ብሎ የተመረጠ አይደለም። ተራ ጉንፋን አብዛኛውን ጊዜ እስከዚያ ይለቃል። ካለፈ አክታ መመርመር ነው።

ጥር ላይ መሀረቤ ላይ ደም አየሁ። ክር የምታህል ቀይ። ያን ቀን ሲሮፑን ጣልኩትና ወደ መንግሥት ጤና ጣቢያ ሄድኩ።

የቲቢ ክፍሉ ከሌሎቹ ገለል ያለ ነው። ወንበሩ ደጅ ነው፣ መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ሲስተሯ አፍና አፍንጫ መሸፈኛ ሰጥታ ኩባያ አስያዘችኝ። «ከሕንጻው ጀርባ፣ አየር ላይ ሆነህ አክታ አምጣ» አለችኝ። ሄጄ የሆነ ነገር ተፍቼ መጣሁ። የላቦራቶሪው ልጅ አየት አደረገና «ወንድሜ፣ ይሄ ምራቅ ነው» አለኝ። አፈርኩ። ለካ ይሄም ዘዴ አለው። አፍን በንጹሕ ውሃ መጉመጥመጥ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ በረጅሙ መተንፈስ፣ ከዚያ ከደረት ሥር ጎትቶ ማሳል። የሚፈለገው ወፍራሙ ነው። ጠዋት ከእንቅልፍ እንደተነሡ ደግሞ ይበልጥ ይመጣል። ምራቅ ሰጥቶ «ነጻ ነህ» ተብሎ የሚሄድ ሰው ስንት ይሆን እያልኩ አስባለሁ።

የመረመሩኝ ጂን ኤክስፐርት በሚባለው ማሽን ነው። ማሽኑ ራሱ ሁለት ሰዓት ገደማ ይበቃዋል። ወረፋውና መብራቱ ግን ሌላ ነገር ነው። የኔ በማግስቱ ደረሰ። ማሽኑ ሁለት ነገር ይናገራል፦ ቲቢ አለ ወይስ የለም፣ ካለስ ጀርሙ ሪፋምፒሲን የሚባለውን ዋናውን መድኃኒት ተላምዷል (ማለትም መድኃኒቱ አይገድለውም) ወይስ አልተላመደም። የኔ ቲቢ አለ፣ ግን መድኃኒት አልተላመደም። ሲስተሯ «አልተላመደም» ስትል ፈገግ አለች፣ እኔ ደግሞ ምን ያስቃታል ብዬ ተናደድኩ። በኋላ ነው የገባኝ። የተላመደ ቢሆን ኖሮ በሌላ መድኃኒት፣ በከበደ ሕክምና፣ በቦሩ ሜዳ ሆስፒታል በኩል ነበር መንገዴ።

ከዚያ ሦስት ጥያቄ መጣ። መጀመሪያ የኤችአይቪ ምርመራ። ደነገጥኩ፣ «ምን አይታብኝ ነው?» አልኩ። ምንም አላየችብኝም። ቲቢ የተገኘበትን ሰው ሁሉ ይጠይቃሉ፣ ሁለቱ ስለሚደጋገፉ። ተመረመርኩ፣ ነጻ ነኝ። ቀጥላ «ከማን ጋር ነው የምትኖረው?» አለች። ባለቤቴንና ሁለት ልጆቼን አስመዘገብኩ። እናቴን ዘለልኳት። እንዳትሰማ ብዬ ነው። መጨረሻ «መድኃኒቱን ስትውጥ የሚያይልህ ሰው ማን ነው?» አለችኝ። «ራሴ» አልኳት። ሳቀች።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ክኒን አንዱ ውስጥ አራት መድኃኒት አለ፦ ሪፋምፒሲን፣ አይሶኒያዚድ፣ ፓይራዚናማይድና ኢታምቡቶል። የሚሰጠው በኪሎ ነው። እኔ 52 ኪሎ ስለነበርኩ ሦስት ክኒን በቀን ደረሰኝ፣ ባዶ ሆድ፣ ጠዋት። ቀጣዩ አራት ወር ሁለት መድኃኒት ብቻ። ጠቅላላ ስድስት ወር። ለመድኃኒቱም፣ ለአክታ ምርመራውም አምስት ሳንቲም አልከፈልኩም። የጤና መድን ደብተር አለህ ወይ ብሎም የጠየቀኝ የለም። ያ ሁሉ ሲሮፕ ትዝ አለኝና እዚያው ራሴን ሰደብኩ።

መጀመሪያ ቀን ማንም ሳያስጠነቅቀው የሚውጥ ሰው ይደነግጣልና ልንገራችሁ፦ ሽንታችሁ ይቀላል። ብርቱካን ሚሪንዳ በሉት። ላብም፣ እንባም ቀላ ሊል ይችላል። ከሪፋምፒሲኑ ነው፣ ደም አይደለም፣ ጉዳት የለውም። እኔ ማቅለሽለሽ ነበረብኝ፣ በአሥር ቀን ውስጥ ለቀቀኝ። ጉልበቴንም ያመኝ ነበር። እግሬን ሲደነዝዘኝ ቫይታሚን ቢ6 ጨመሩልኝ። ዓይን ቢጫ ከሆነ፣ ወይም ቀለም መለየት ካስቸገረ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም፣ በዚያው ቀን መሮጥ ነው። ሹፌር ስለሆንኩ ሲስተሯ ስለ ዓይኔ በየሳምንቱ ትጠይቀኝ ነበር።

እንግዲህ እዚህ ድረስ መንግሥት የሚችለውን አድርጓል። ከዚህ በኋላ ያለውን ያበላሸሁት እኔ ነኝ።

ለሚኒባሱ ባለቤት፣ ለሐጂ፣ «ወገቤን አሞኛል» አልኳቸው። ሁለት ሳምንት ቤት ተቀመጥኩ። ይሄ እንኳ ደግ ነው፣ መድኃኒቱ በትክክል ከተወሰደና የሚሠራ ከሆነ ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ ማስተላለፉ በጣም ይቀንሳል ብላኛለች ሲስተሯ። ከዚያ አይታኝ ፈቅዳልኝ ወደ መሪዬ ተመለስኩ። ችግሩ ሌላ ነው። ሰፈሬ ያለው ጤና ጣቢያ በእግር አሥር ደቂቃ ነው። የምታውቀኝ ጎረቤት እዚያ ታየኛለች ብዬ የከተማው ሌላ ጫፍ ያለው ጋ ነው የተመዘገብኩት። በየጠዋቱ በባጃጅ መሄድ፣ መመለስ። በቀን 60 ብር። እስከማስታውሰው ወደ 2500 ብር ለባጃጅ ብቻ አውጥቻለሁ። ሲስተሯ ከመጀመሪያው ቀን «ወደሚቀርብህ እናዛውርህ» ብላኝ ነበር። እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። ሰው «መድኃኒቱ በነጻ ነው ይላሉ፣ የትራንስፖርቱስ?» ሲል ልክ ነው፣ ለገጠር ሰው በጣም ልክ ነው። እኔ ግን ያንን ወጪ ፈልጌ ነው የገዛሁት።

ልጆቼ ተመረመሩ። አልታመሙም። ትንሿ አራት ዓመቷ ነው። ለሁለቱም ለሦስት ወር የሚወሰድ መከላከያ መድኃኒት ሰጧቸው። ቲቢ ሰውነት ውስጥ ተኝቶ ቆይቶ በኋላ ሊነሣ ይችላል፣ በተለይ በትንሽ ልጅ። ያ መድኃኒት ሳይነሣ ይቀድመዋል። ባለቤቴ «ጤነኛ ልጅ ለምን ክኒን ይውጣል?» ብላ ተከራክራ ነበር። ብዙ እናት እንደዚያ ትላለች። ሲስተሯ «ክትባቱስ ለታመመ ነው እንዴ?» አለቻት፣ ነገሩ በዚያው አለቀ።

ደጅ ወንበሩ ላይ የማገኛቸው ሰዎች ብዙ አስተምረውኛል። አንዲት ልጅ ነበረች፣ አንገቷ ላይ ያበጠ። ቤተሰቦቿ ንቅርሳ ነው ብለው የባህል መድኃኒተኛ ጋ ወስደዋት፣ ቁስሉ ሲፈነዳ ነው ወደዚህ ያመጧት። የእሷም ቲቢ ነው፣ የዕጢ ቲቢ። የምትውጠው የኔኑ ክኒን ነው። የሳንባ ስላልሆነ ወደ ሰው አይተላለፍም ተብላለች፣ እናቷ ግን ዕቃዋን ለይታ ታጥብ ነበር። ዕቃ መለየት ለማንም አይጠቅምም። በርጫ ላይ ከኩባያ ይዞኝ ይሆናል ብዬ ስነግራት ሲስተሯ ያለችኝ ይሄንኑ ነው፦ ከኩባያው አይደለም፣ ከአየሩ ነው።

አንድ ሌላ ሰው ከሐይቅ በኩል የሚመጣ ነበር። ሁለተኛ ጊዜው ነው። በ2014 ዓ.ም ጥቅምት መጨረሻ ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ሦስተኛ ወሩ ላይ ነበር። ቤተሰቡን ይዞ ሸሸ። መድኃኒቱ ቤት ቀረ። የሄደበት አገር ጤና ጣቢያ ሄዶ «ቲቢ ነበረብኝ» ለማለት አፈረ፣ ማስረጃም አልነበረውም። ሲመለስም ጤና ተቋማቱ ተዘርፈው ነበር የጠበቁት። «ደህና ነበርኩ ኮ» ይላል። ያ ሰው የነገረኝን በማግስቱ አደረግኩ፦ የሕክምና ካርዴን በሞባይል ፎቶ አነሣሁት። እኛ አገር መንገድ ዛሬ ክፍት ነው፣ ነገ ዝግ ነው። ካርዱን ወይም ፎቶውን ያሳየ ሰው ያለበት ጤና ጣቢያ ሕክምናውን መቀጠል ይችላል። መንገድ ሊዘጋ ነው የሚባል ወሬ ሲኖር ደግሞ ቀድሞ ሄዶ የሚቀጥለውን መጠየቅ። እኔ ሁለት ጊዜ ጠይቄ ሁለቱንም ሰጥተውኛል።

ምስጢሬ የፈነዳው በረመዳን ነው።

የዚያን ዓመት የሆነውን ታስታውሳላችሁ። ረመዳንና ዐቢይ ጾም በአንድ ቀን ገቡ፣ ሰኞ መጋቢት 2። ደሴ እንደምታውቋት ነው፣ አንድ ግቢ ውስጥ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አለ። ሰፈሩ ሁሉ ጾመኛ ሆነ። ጠዋት ከየትም ቤት የምግብ ሽታ የለም። እኔ ግን ገና ሁለተኛው ወር አልተጠናቀቀልኝም፣ ኪሎዬም አልተመለሰም። ሲስተሯን ጠየቅኋት። «ደህና የሆነ ሰው ሰዓቱን አስተካክሎ ሊጾም ይችላል፣ አንተን ግን አይቼሃለሁ፣ አሁን አልመክርህም» አለችኝ። መስጊዳችን ላሉት ሼኽም ለብቻቸው አማከርኳቸው። «በሽተኛና መንገደኛ በኋላ ያወጣል። አንተ ሁለቱንም ነህ» ብለው ሳቁብኝ። ዲኑም፣ ሕክምናውም ፈቀደ። የቀረው ሰው ነው።

ኮምቦልቻ መናኸሪያ ጥግ ሚኒባሱ ውስጥ ተደብቄ እየበላሁ ሳለ ረዳቴ በሩን ከፈተው። እጄ ላይ ዳቦ አለ። አየኝ፣ አየሁት። ምንም ሳይል ዘጋው። በሦስተኛው ቀን ሐጂ ደወሉ። «ና» ብቻ ነው ያሉኝ። ቤታቸው ስገባ እንደ ወትሮው ተቀመጥ አላሉኝም። «ጾም ትበላለህ አሉኝ» አሉ።

እንግዲህ ምረጥ። ጾም በላተኛ መባል ወይስ ቲቢ አለበት መባል። ቆሜ አሰብኩ። ወላሂ፣ ቲቢው ቀለለኝ።

ነገርኳቸው። ዝም አሉ። ከዚያ የተቆጡት ሌላ ነገር ነው። «ሰው ጭነህ እያሳልክ ስትነዳ ነበራ? ወገቤን ብለህ ዋሸኸኝ?» መልስ አልነበረኝም። ከመታከሜ በፊት ያሉት ሁለት ወራት፣ ያ የተዘጋ መስኮት፣ ሁሉም መጣብኝ። ልክ ነበሩ። ከቆይታ በኋላ ድምፃቸው ወረደ። ወንድማቸው ወጣት ሆኖ በዚሁ በሽታ እንደሞተ ነገሩኝ። «ያኔ ደብቀን ነው የገደልነው» አሉ። ከዚያ «አብሽር፣ አላህ አፊያ ያድርግህ» ብለው ለሁለት ወር ወተት የምገዛበት ብር አስያዙኝ። ረዳቴም፣ እሳቸውም በሳምንቱ ተመረመሩ።

እናቴ ደግሞ ታውቅ ነበር። በዚያው ማታ ልነግራት ስጀምር አቋረጠችኝ። «መሀረብህን የማጥበው እኔ አይደለሁ?» አለች። ልጅ ሆና አጎቷ ሲታከም አጅባው የምትመላለስ እሷ ነበረች። ያኔ መርፌ ነበር፣ በየቀኑ። ሕክምናውም ከአሁኑ የረዘመ ነበር። «እሱ በመርፌው ነው ያለቀሰ፣ አንተ በሦስት ክኒን ምን ያስደብቅሃል?» አለችኝ። በማግስቱ ወሰድኳት። አልታመመችም። ግን ውጤቷን ስጠብቅ ያደርኩትን ሌሊት ለጠላቴም አልመኝ። ጥር ላይ ስሟን አስመዝግቤ ቢሆን ያንን ሌሊት ከሁለት ወር በፊት እገላገለው ነበር።

ከተነገረ በኋላ ነገሩ ሁሉ ረከሰልኝ። ወደ ሰፈሬ ጤና ጣቢያ ተዛወርኩ። ባጃጅ ቀረ። የምፈራት ጎረቤቴ፣ እትዬ የምላት፣ የሕክምና ደጋፊዬ ሆነች። ክኒኑን ስውጥ ታያለች፣ ወረቀቱ ላይ ምልክት ታደርጋለች። ጾሟን ይዛ፣ ለኔ እንቁላል ትጠብሳለች። ፍስክ መቅመስ ስለማትችል ጨዉን በግምት ነው የምትጨምረው። እስከ ፋሲካ ድረስ የበላሁት እንቁላል ባሕር ነው የሚለው። አንድም ቀን አልነገርኳትም።

መጋቢት 15 የዓለም የቲቢ ቀን ነው። በአጋጣሚ የሁለተኛ ወር አክታዬን የምሰጥበት ሳምንት ላይ ዋለ። ጤና ጣቢያው ሰንደቅና ባነር ሰቅሏል። ቀኑ የተመረጠው ሮበርት ኮክ የሚባለው ጀርመናዊ ሐኪም ተሕዋሱን ማግኘቱን በ1882 እ.ኤ.አ. ያሳወቀበት ስለሆነ ነው አሉን። ኢትዮጵያ ከፍተኛ የቲቢ ጫና አለባቸው ከሚባሉት 30 አገሮች አንዷ መሆኗንም ነገሩን። ክትትል ያለበት ሕክምና አገራችን ውስጥ የተጀመረው በአርሲና በባሌ ነው፣ ዛሬ የኔ ሰፈር ጤና ጣቢያ ደርሷል። ንግግሩ ረዘም ያለ ነበር፣ ፀሐዩም ከረረ። እኔ የጠበቅኩት ውጤቴን ነው። ነጻ ሆነ።

አሁን ደግሞ ስለ አደገኛው ወር ልንገራችሁ። ብዙ ሰው መጀመሪያው ይከብዳል ይላል። ለኔ የከበደኝ ሚያዝያና ግንቦት ነው። ሳል የለም፣ ላብ የለም፣ 60 ኪሎ ገብቻለሁ። በሽታው የማይሰማው ሰው በየጠዋቱ ክኒን መዋጥ ይሰለቸዋል። ግንቦት ላይ ኩታበር ሠርግ ሄድኩና መድኃኒቱን ቤት ረሳሁት። ረሳሁት ስል ግማሹ ውሸት ነው። ሻንጣ ውስጥ ሰው እንዳያይብኝም ብዬ ነው፣ ልማድ አይለቅም። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ሦስት። እትዬ ደወለች። ለጤና ኤክስቴንሽኗም ነግራታለች። ያቺው ታኅሣሥ ላይ በጋቢ ያሳለፍኳት ልጅ በአራተኛው ቀን ጠዋት በራችን ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። አልተቆጣችም። «ጀርሙ ደካማው ነው ያለቀው፣ የቀረው ጠንካራው ነው። ለእሱ ነው ዕረፍት የሰጠኸው» አለችኝ። ሦስቱን ቀን ከመጨረሻ ላይ ጨመሩብኝ። አንድ ቀን የዘለለ ሰው በማግስቱ እጥፍ አይውጥ፣ ሄዶ ይናገር። ለዚያች ልጅ ታኅሣሥ ላይ ጓዳ ተኝቼ እንደነበር ነገርኳት። «አውቄያለሁ፣ ጫማህ በር ላይ ነበር» አለችኝ።

ሁሉም ነገር የተሟላ ነው ልል አይደለም። መብራት ሲጠፋ ማሽኑ ይቆማል። አንዲት ሲስተር ስንቱን ክፍል እንደምትይዝ አይቻለሁ፣ እሷ ስልጠና ከሄደች ወረፋው ሌላ ነው። ደግሞ ክኒኑ በነጻ ሆኖ ምግቡ የለም። አብሮኝ ወንበሩ ላይ የሚቀመጥ አንድ የቀን ሠራተኛ «ክኒኑ ረሃቤን ቀሰቀሰብኝ፣ የሚበላው ግን የለም» ይል ነበር። ሐጂን የሚያህል አሠሪ ሁሉም ሰው የለውም። ይሄ መፍትሔ የሚፈልግ ነገር ነው፣ በባነር የሚያልቅ አይደለም።

የበርጫ ጓደኞቼን አምስቱንም ነገርኳቸው። አንዱ ስልኬን ማንሣት ተወ። አራቱ ሄዱ። ከአራቱ አንዱ ተገኘበት፣ ገና ሳይጠናበት። አሁን ጨርሷል። ቤቱ ዛሬም አለ፣ መስኮቱ ግን ተከፍቷል። «ምርቃና ይበርዳል» እያሉ የሚያጉረመርሙ አሉ።

ሐምሌ ውስጥ ስድስተኛውን ወር፣ ሦስቱን የቅጣት ቀኖች ጨምሬ፣ ጨረስኩ። የመጨረሻው አክታ ነጻ። ሲስተሯ ካርዴ ላይ «ድኗል» ብላ ጻፈችና ፈረመችበት። ፎቶ አነሣሁትና ለሐጂ ላክሁላቸው።

ነሐሴ ላይ አዲስ ረዳት ያዝኩ። ልጁ ጎበዝ ነው፣ ግን ያስላል። «ስንት ጊዜህ ነው?» አልኩት። «ብርድ ነው፣ ሦስት ሳምንት ቢሆነኝ ነው» አለ። ቀበቶውን አየሁት። መኪናውን ጤና ጣቢያው በር ላይ አቆምኩና አስገባሁት። ኩባያውን ይዞ ከሕንጻው ጀርባ ሄደ። ወዲያው ተመለሰ። ኩባያው ውስጥ አየሁ።

«ይሄ ምራቅ ነው» አልኩት። «ተመለስና በረጅሙ ተንፍስ።»